እሁድ ከሰዓት፣ እናታችሁን ይዛችሁ ወደ ማልኮም ኤክስ ፓርክ

"የማን ሠርግ ነው?" አለችኝ እማዬ። ወሩ ሚያዝያ ነበር። ከቅዳሴ ወጥተን፣ ምሳ በልተን፣ በዋሽንግተን ዲሲ 16ኛ መንገድ የመኪናውን መስኮት ከፍተን ስንሄድ ነው። ከደሴ ከመጣች ስድስት ወሯ ነበር። እኔ የማታ ፈረቃ ስለምሠራ ቀን እተኛለሁ፤ እሷ መስኮት ሥር ተቀምጣ የመኪና ማቆሚያውን ስታይ ትውላለች። የብርዱን ወራት እንዲያ ሆና ከርማ፣ አንድ ድምፅ ሰምታ አንገቷን ቀና ስታደርግ ያየኋት ያን ቀን ነው።

ሠርግ አልነበረም። በየእሁዱ ሜሪዲያን ሂል ፓርክ ውስጥ የሚመታው ከበሮ ነው። ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ተመላልሰንበታል። ወላጅ ከአገር ቤት አስመጥታችሁ ቀኑ አልገፋ ያላቸው ከሆነ፣ አካሄዱን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የፓርኩ ስም። ስልካችሁ ላይ ስትፈልጉ "ሜሪዲያን ሂል ፓርክ" በሉ፤ ሰው ስትጠይቁ "ማልኮም ኤክስ ፓርክ" ብትሉም ይገባዋል። የከተማው ጥቁር ነዋሪ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሚጠራው እንዲያ ነው። የጥቁሮች መብት ታጋዩ ማልኮም ኤክስ እ.ኤ.አ. በ1965 ተገደለ፤ ከበሮውም ለእሱ መታሰቢያ ተብሎ በዚያ ዘመን እንደተጀመረ ይነገራል። መድረክ የለውም፣ ማይክ የለውም፣ ቲኬት አይቆረጥም። ሙቀት በገባበት ወራት ሁሉ እሁድ በእኛ 9 ሰዓት፣ በእነሱ 3 ሰዓት ገደማ ሁለት ሦስት ሰው ከበሮውን ተሸክሞ ይመጣል፤ በእኛ 11 ሰዓት ላይ የመቺዎቹ ክብ ይሞላል፤ ሲመሽ ይበተናል። ስለዚህ ከቅዳሴ መልስ አረፍ ብላችሁ፣ 10 ሰዓት ላይ ብትደርሱ ይበቃችኋል። ዝናብ ካለ በከንቱ አትልፉ። ቦታው በፌዴራሉ መንግሥት ብሔራዊ ፓርክ አገልግሎት ሥር ስለሆነ፣ ለጥገና የተዘጋ ክፍል ካለ ገጻቸው ላይ ይወጣል፤ ከመውጣታችሁ በፊት አንዴ ተመልከቱ።

በየት በኩል እንደምትገቡ ግን ልብ በሉ፤ እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ፓርኩ በ15ኛና በ16ኛ መንገድ መካከል ተዳፋት ላይ የተሠራ ነው። ከታች፣ ከደብልዩ መንገድ በኩል ስትገቡ በ13 ገንዳዎች እየተንደረደረ የሚወርድ ፏፏቴ ታያላችሁ፤ ያምራል፣ ግን ከጎንና ከጎኑ ደረጃ ነው። እማዬ በመጀመሪያው ቀን ጉልበቷን ይዛ ግማሽ መንገድ ላይ ተቀመጠች፤ ከበሮው ከላይ ይሰማል፣ እኛ ከታች ቀረን። ሽማግሌ ከያዛችሁ ከላይ፣ ከዩክሊድ መንገድ በኩል ግቡ። ከበሮው ላይኛው ሜዳ ላይ ነው። በባቡር ከሆነ ከዩ ስትሪት ጣቢያ ይልቅ ኮሎምቢያ ሃይትስ ይሻላል፤ ሁለቱም አረንጓዴው መስመር ላይ ናቸው፣ ከዩ ስትሪት ግን ዳገት ነው። በመኪና ከሆነ ምልክቱን እስከ መጨረሻው መስመር አንብባችሁ አቁሙ።

የምትይዙት ታጣፊ ወንበር (አግዳሚዎቹ ኮንክሪት ናቸው፣ ለወገብ አይሆኑም)፣ ውኃ፣ ኮፍያ፣ ለማታው ጋቢ። ሻይ በፔርሙስ፣ ቆሎ በላስቲክ። ልጆች ካሉ ባዶ የውኃ ጠርሙስ ውስጥ አንድ እፍኝ ደረቅ ሽምብራ ጨምሩና ክዳኑን አጥብቃችሁ ዝጉ፤ ይህ ለልጅ ሙሉ መሣሪያ ነው፣ ጎረቤትም አይረብሽም። አልኮል አትያዙ። መጸዳጃ ቤት ፓርኩ ውስጥ አገኛለሁ ብላችሁ አትመኩ፤ ከቤት ስትወጡ ወይም 14ኛ መንገድ ላይ ቡና ስትገዙ ጨርሱ።

አሁን ወደ ከበሮው። ሩቅ ቆመው ቪዲዮ ቀርጸው የሚሄዱ ወገኖቻችንን ሳይ አዝናለሁ፤ ዋናው ነገር አምልጧቸዋል። ክቡን ጠጋ ብላችሁ ከታች ወደ ላይ ስሙት። መሬቱን የሚያነጥፈው በዱላ የሚመታው ትልቁ ከበሮ፣ ዱንዱን የሚሉት ነው። ከሱ ጎን አንድ ሰው ብረት ደወል ይመታል፤ ደወሉ አይቸኩልም፣ አይዘገይም፣ ሌላው ሁሉ በሱ ነው የሚሄደው። በላያቸው ጄምቤና ኮንጋ የሚባሉት ከበሮዎች በእጅ ይመታሉ። አንዳንዱ ምት በአራት ነው የሚቆጠረው፤ ያኔ እግርን ማንቀሳቀስ ይበቃል። በየመሐሉ ግን ምቱ ወደ ሦስት ሦስት ይዞራል፤ አንድ‑ሁለት‑ሦስት፣ አንድ‑ሁለት‑ሦስት። ይህን የማያውቅ ሐበሻ የለም፤ የኛው ችክችካ ነው። ጭብጨባችሁን "አንድ" ላይ ጣሉ፣ ትከሻችሁ ራሱ ይከተላል።

እማዬን የቀየራት ይህ ነው። በሁለተኛው እሁድ ምቱ ወደ ሦስት ሲዞር ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች ማጨብጨብ ጀመረች፤ ቀጥላ ነጠላዋን አጣፍታ እልል አለች። ፀጉሩን የጎነጎነ፣ ጺሙ የሸበተ አንድ ጄምቤ መቺ ዞር ብሎ አያት፤ "ማማ!" አለና ምቱን ወደ እሷ አዞረ። እሷ እልል ስትል እሱ ይጥለዋል፣ እሱ ሲጥለው እሷ ትደግማለች። ከዚያ ተነስታ ደረቷን ወደፊት አድርጋ እስክስታ ወረደች። 71 ዓመቷ ነው። ስትቀመጥ እያለከለከች "ይሄማ የኛ ነው፣ ማን ወሰደላቸው?" አለችኝ።

መምታት የምትፈልጉ ከሆነ ቀስ በሉ። ወንድሜ የገዛውን ትንሽ ከበሮ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መጣና ገና ሳይሰማ በሙሉ ኃይሉ መታ። የቤተ ክርስቲያን ከበሮ አይደለም፤ እሱን ከቅጥሩ አታውጡ። ያው ጺሙ የሸበተው ጄምቤ መቺ ሳይቆጣ መዳፉን ከበሮው ቆዳ ላይ አሳርፎ ዝም አሰኘው፤ ከዚያ ደወሉን በጣቱ አሳየው፤ ከዚያ ሁለት ምት ብቻ ሰጠው፤ አንዱን በሰፊው፣ አንዱን በጠባቡ አፍ። ወንድሜ ግማሽ ሰዓት እነዚያን ሁለት ምቶች ብቻ ደጋገመ፤ ከክቡ ጋር አንድ ሆኖ ሲገባ ፊቱ ሲበራ አየሁ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ፤ ቁጭ ብላችሁ ምቱ ሁለት ሦስት ጊዜ እስኪዞር ስሙ፣ አነስተኛውን ያዙ፣ ዝግ አድርጋችሁ ምቱ፣ አንድ ሰው ለብቻው ሲያወጣ ዝቅ በሉ። የተቀመጠ ከበሮ ባለቤቱን ሳትጠይቁ አትንኩ። ውስጠኛው አግዳሚ ለመቺዎቹ ነው። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት በዓይናችሁም ቢሆን ጠይቁ።

በመሐል እናንተም ሆነ ሽማግሌው ስትደክሙ ላይኛው ሜዳ መጨረሻ ላይ ፈረስ ላይ ወዳለችው የጆአን ኦፍ አርክ ሐውልት ሄዳችሁ ደቡቡን የከተማ ክፍል ቁልቁል ተመልከቱ። እማዬ እዚያ ቆማ "ደሴን ከጦሳ ላይ ስታያት እንዲህ ናት" ትላለች፤ ሻያችንን የምንጠጣው እዚያ ነው።

ሲመሽ ኮንክሪቱ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ጋቢውን አልብሷቸው፣ በመጣችሁበት በዩክሊድ በኩል ውጡ። ከራባችሁ ቁልቁል ዩ ስትሪትና 9ኛ መንገድ ላይ የኛ ምግብ ቤቶች አሉ። እኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቤት ነው የምንገባው፤ እማዬ እሁድ ማታ ደሴ ላሉት እህቶቿ ደውላ ያየችውን ሳትነግራቸው አትተኛም።