በአንድ አይሲ የሙዚቃ መሣሪያ መሥራት ለምትፈልጉ

የራሳችሁን ኤሌክትሮኒክ የሙዚቃ መሣሪያ መሥራት ካማራችሁ በተወሳሰበ ሲንተሳይዘር አትጀምሩ። ሲዲ 40106 የሚባለውን አይሲ (ብዙ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎችን የያዘ ትንሽ ቺፕ) ፈልጉ። ርካሽ ነው፤ ብሬድቦርድ (ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው መሰኪያ ሰሌዳ) ላይ ስለሚሰካ ብየዳም አይጠይቅም።

14ኛውን እግር ከ9 ቮልት ባትሪ ፖዘቲቭ፣ 7ኛውን ከኔጌቲቭ ጋር አገናኙ። በ1ኛውና በ2ኛው እግር መካከል ኤልዲአር፣ ማለትም በብርሃን የሚለዋወጥ ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገታ ዕቃ) አስገቡ። ከ1ኛው እግር ወደ ኔጌቲቭ ደግሞ 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ)። አለቀ! ድምፁ ከ2ኛው እግር ይወጣል። እጃችሁን ከኤልዲአሩ በላይ ስታንዣብቡ ጥላው ሲበዛ ድምፁ ይወፍራል፤ ብርሃን ሲያገኝ ይቀጥናል። ደስ ሲል!

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። ያልተጠቀማችሁባቸውን መግቢያዎች፣ ማለትም 3፣ 5፣ 9፣ 11 እና 13ን፣ ከኔጌቲቭ ጋር አገናኟቸው። ክፍት ከቀሩ አይሲው ይረበሻል፤ ባትሪም ይበላል።

ድምፁን በ100 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አሳልፋችሁ አምፕሊፋየር ወዳለው ስፒከር ውሰዱት። መጀመሪያ ቮልዩሙን ዝቅ አድርጉ። በሄድፎን ግን አትሞክሩት፤ ጆሯችሁን እንዳይጎዳ።

አይሲው ውስጥ እንዲህ ያሉ 6 ክፍሎች አሉ። በኤልዲአር ፈንታ ፖቴንሾሜትር (በእጅ የሚስተካከል ሬዚስተር) ካደረጋችሁ ልክ እንደ ባለ 6 አውታር ክራር ትቃኙታላችሁ። አምስቱን በትዝታ ቅኝት፣ ስድስተኛውን የመጀመሪያው ድምፅ ኦክታቭ፣ ማለትም ያው ድምፅ ቀጥኖ ሲደገም፣ አድርጉት። መውጫዎቹን ስትደባልቁ ግን እያንዳንዱ የራሱ 100 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ይኑረው፤ በቀጥታ አታገናኟቸው።