ለተንቀሳቃሽ ምንጣፍ ማጠቢያ ማሽን ውሃ ማሞቅ

ማሽኑ ውስጥ የተገጠመው ሂተር የሞቀ ውሃ እንዳይቀዘቅዝ ያግዛል እንጂ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት አቅም የለውም። 1,750 ዋት የሚስብ ሂተር በደቂቃ 2 ሊትር ውሃ ሲያልፍበት የሚጨምረው 12 ወይም 13 ዲግሪ ብቻ ነው። ታንከሩን በ20 ዲግሪ ውሃ ከሞሉት ምንጣፉ ላይ የሚያርፈው ለብ ያለ ውሃ ነው፤ ቅባት ደግሞ በለብታ አይለቅም። ስለዚህ ከመነሻው ሙቅ ውሃ ይሙሉ።

ከመሙላትዎ በፊት ታንከሩና ፓምፑ የሚችሉትን ሙቀት ከማሽኑ መመሪያ ይመልከቱ። ቁጥሩ ካልተጻፈ ከ50 ዲግሪ አይለፉ። የፈላ ውሃ በቀጥታ አይጨመርም፦ ፕላስቲኩ ይጣመማል፣ የፓምፑ ጎማዎች ይላላሉ፣ ፓምፑም ከውሃ ጋር እንፋሎት ስለሚስብ ግፊቱ ይወርዳል።

አመቺው መንገድ መቀላቀል ነው። በባልዲ 12 ሊትር የ20 ዲግሪ ውሃ አስቀድመው ያድርጉ፤ ከዚያ 8 ሊትር 95 ዲግሪ የደረሰ ውሃ ቀስ አድርገው ይጨምሩበት። 50 ዲግሪ ገደማ የሆነ 20 ሊትር ያገኛሉ። አማስለው በቴርሞሜትር ይለኩ፤ እጅ እዚህ ላይ አያስተማምንም።

ብዙ ውሃ ከፈለጉ ክዳን ባለው የብረት በርሜል ውስጥ የሚነከር የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይጠቀሙ። 2,000 ዋት ያለው 40 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ አንድ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ማሞቂያው ውሃ ውስጥ ሳይጠልቅ ሶኬት ላይ አይሰኩት፤ ይቃጠላል። ከሶኬት ሳይነቅሉም እጅዎን ውሃው ውስጥ አያስገቡ። በ220 ቮልት ብቻውን 9 አምፔር ስለሚወስድ፣ ከማሽኑ ጋር በአንድ መስመር ላይ ከዋለ ብሬከሩ ይወርዳል። የተጠቀለለ ኤክስቴንሽን ገመድም ይግላል፤ ሙሉ በሙሉ ይዘርጉት።

ቱቦውን ብዙዎች ይረሱታል። የውስጥ ስፋቱ 6 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 7.5 ሜትር የሆነ ቱቦ 0.2 ሊትር ያህል ውሃ ይይዛል፤ ያ ውሃ ቀዝቅዞ የቆየ ነው። በጀመሩ ቁጥር፣ ትንሽ አርፈው ሲመለሱም፣ አፉን ባልዲ ውስጥ አድርገው ትኩስ እስኪመጣ ይርጩ።

ሙቀት ሁሉንም አይጠቅምም። የደም፣ የእንቁላልና የወተት እድፍ በሙቅ ውሃ ይረጋል፤ አስቀድሞ በቀዝቃዛ ይለቀቅ። የሱፍ ምንጣፍ በለብታ ይታጠባል፤ ቀለሙ የሚለቅ መሆኑን በማይታይ ጥግ ላይ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ተጭነው ይሞክሩ።

ውሃው እንደ ቀድሞው ካልሞቀ ሂተሩ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ተጋግሮ ሊሆን ይችላል። ሂተሩን አጥፍተው፣ በ1 ሊትር ለብ ያለ ውሃ 30 ግራም ሲትሪክ አሲድ ሂሳብ በጥብጠው በፓምፑ ያሳልፉ፤ ግማሽ ሰዓት አቆይተው ሁለት ጊዜ በንጹህ ውሃ ያጥቡ።

ሥራ ሲጨርሱ አስቀድመው ሂተሩን ያጥፉ። ከዚያ ለአንድ ደቂቃ ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ያሳልፉበት፤ ውስጡ የቀረው ውሃ በግለቱ እንዳይፈላና ማያያዣዎቹን እንዳይጎዳ።