እንስት አሳማን በሰው ሰራሽ ዘዴ ለማዳቀል ሰዓት ስለመምረጥ

በድሬዳዋ አሳማ የሚያረባ ሰው ጥቂት ነው፤ ለሚያረባው ግን የማዳቀያውን ሰዓት በግምት ከመወሰኑ በፊት በማህፀን ቱቦ ውስጥ የሚሆነውን ቢያውቅ ይጠቅመዋል። ወደ ማህፀን ከገባው የወንዴ ዘር አብዛኛው ተመልሶ ይፈስሳል ወይም በነጭ የደም ሴሎች ይዋጣል። ቱቦው ላይ የሚደርሱት ጥቂቶች ግን በታችኛው ጠባብ ክፍል ከግድግዳው ሴሎች ጋር ይጣበቃሉ፤ የሚይዛቸውም በሴሎቹ ገጽ ላይ ያለ የስኳር ሰንሰለት ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ጭንቅላታቸው ተይዞ ጅራታቸው ብቻ ይወዛወዛል። መጣበቁ ዕድሜያቸውን ያራዝማል፤ እንቁላሉ የሚወጣበት ሰዓት ሲቃረብም ጥቂት በጥቂት እየተላቀቁ ወደ ላይ ይዋኛሉ።

ይህ ክምችት የሚያገለግለው ለአንድ ቀን ገደማ ነው። ድራቱ (እንስቷ ወንድ የምትፈልግበት ጊዜ) በአብዛኛው ከ2 እስከ 3 ቀን ስለሚቆይና እንቁላሉ የሚወጣው ሁለት ሦስተኛው ካለፈ በኋላ ገደማ ስለሆነ፣ ቸኩሎ ማዳቀል የተለመደ ስህተት ነው። ጠዋትና ማታ ጀርባዋን በመዳፍዎ ይጫኑ፤ ጆሮዋን አቁማ ከረጋች ከ12 እስከ 24 ሰዓት ቆይተው ያዳቅሉ፣ በማግስቱም ይድገሙ።

የድሬዳዋ ሙቀት ሌላ ፈተና ነው። ፈሳሹ ዘር ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት፤ የቀትሩ ሙቀት ያዳክመዋል፣ የቤት ማቀዝቀዣ ቅዝቃዜም የዘር ሴሎቹን ሽፋን ይጎዳል። በበረዶ ሳጥን ሲያጓጉዙ ጠርሙሱን በፎጣ ጠቅልለው ከበረዶው ያርቁት።