ቱርቦ ግፊት ሲያበዛ፦ ሶሌኖይድ ከመግዛታችሁ በፊት

ታሪኩ ሁሌም አንድ ነው። ዳገት ላይ ወይም ሌላ መኪና ለመቅደም ነዳጅ እስከ ጥግ ይረገጣል። መኪናዋ መጀመሪያ ጥሩ ትስባለች፤ እንዲያውም ከወትሮው ትበልጣለች። ከዚያ ድንገት ጉልበቷ ጥፍት ይላል፣ የቼክ ኢንጅን መብራት ይበራል። ዳር ይዞ አጥፍቶ ሲያስነሳት ምንም እንዳልነካት ትሄዳለች። እስከሚቀጥለው ዳገት። ስካነር ሲሰካ ፒ0234 ይወጣል፦ የቱርቦ (በጭስ ጉልበት እየዞረ ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋው ክፍል) ግፊት ከልክ አልፏል ማለት ነው። ጉልበቱን የቀነሰው ኮምፒውተሩ ነው፤ ሞተሩን ለማዳን ብሎ።

ኮዱን እያጠፉ መንዳት መፍትሄ አይደለም። ትንሽ ቱርቦ በደቂቃ ከ200,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል፤ ከዚያ በላይ ሲገፋ የሚሆነውን ማየት አትፈልጉም። ቤንዚን ሞተር ላይ ማንኳኳት ይጀምርና ፒስተን ይሰብራል። ናፍጣ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሄደው የቴስታታ ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ነው።

በመጀመሪያ ግፊቱ እውነት መብዛቱን አረጋግጡ። ቁልፉን ክፈቱ፣ ሞተሩን ግን አታስነሱ። የግፊት ሴንሰሩ በዚህ ሰዓት የአካባቢውን አየር ነው ማንበብ ያለበት፦ ባሕር ጠለል ላይ 100 ኪሎፓስካል አካባቢ፣ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ 80 አካባቢ። ሞተሩ ቆሞ 130 የሚል ሴንሰር ውሸታም ነው። ንቀሉት፤ ጥላሸት ከሆነ አጽዱት፣ ካልተስተካከለ ቀይሩት። አንድ ሰው ደግሞ «ቱርቦዬ 2.2 ባር እየገፋ ነው!» ብሎ ደንግጦ መጣብኝ። ስካነሩ የሚያሳየው የከባቢ አየርን ጨምሮ ነው፤ ቱርቦው የጨመረው 1.2 ባር ብቻ ነበር። መኪናው ምንም አልነበረውም።

ሴንሰሩ ከታመነ፣ ኮምፒውተሩ የጠየቀውን ግፊትና የተገኘውን ጎን ለጎን መዝግቡ። በ3ኛ ማርሽ ከዝቅተኛ ዙር ጀምሮ ሙሉ ይረገጥ። ስክሪኑን የሚያይ ሌላ ሰው ይኑር፤ እየነዱ ስካነር ማንበብ ሞኝነት ነው። ግፊቱ መጀመሪያ ላይ ዘሎ ከዚያ የሚወርድ ከሆነ የሚቆጣጠረው ክፍል ዘግይቷል፣ የሆነ ቦታ ይይዛል። ዙሩ ሲጨምር ቀስ እያለ አብሮ የሚወጣ ከሆነ ዌስትጌቱ (ትርፍ ጭስ ቱርቦውን ሳያዞር የሚያሳልፈው በር) በቂ ጭስ ማሳለፍ አልቻለም። ይሄ ብዙ ጊዜ ማርሚታና የጭስ ቱቦ በሰፊ የተቀየረባቸው መኪኖች ላይ ይመጣል። መፍትሄው የዌስትጌቱን ቀዳዳ ማስፋት ወይም ቱቦውን መመለስ ነው። ቺፑ የተነካ መኪና ከሆነ መጀመሪያ ወደ ፋብሪካው ሶፍትዌር ይመለስ፤ ከዚያ እንነጋገራለን።

ግፊት የሚከፍተው ዌስትጌት ያለበት ቤንዚን መኪና ላይ መጀመሪያ ቀጭኗን ቱቦ እዩ። ከቱርቦው ወደ አክቹዌተሩ (ዌስትጌቱን በዘንግ የሚከፍተው ክፍል) ግፊት የምትወስደው እሷ ናት። ከተቀደደች ወይም ከወጣች አክቹዌተሩ ምንም አይሰማም፣ ዌስትጌቱ አይከፈትም፣ ግፊቱ ልጓም ያጣል። ርካሹን ቱቦ አትግዙ፤ ዘይት ሲነካው ያብጣል፣ በወሩ ከቦታው ይወጣል። ጥሩ ቱቦ፣ ጥሩ ፋሸታ። የአክቹዌተሩን ዘንግ «ጉልበት ይጨምራል» ብሎ ያሳጠረ ሰው ካለ ደግሞ ችግሩ እሱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። በተንቀሳቃሽ ክንፍ የሚሠራ ቱርቦ ያለው ናፍጣ ከመጣ፣ እጄን ከመታጠቤ በፊት ጥላሸትን እጠረጥራለሁ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ጭሱ ወደ ተርባይኑ (ጭስ የሚያዞረው የቱርቦ ጎን) በሚገባበት ዙሪያ ትንንሽ ክንፎች አሉ። በዝቅተኛ ዙር ጠበብ ይላሉ፣ ጭሱ ይፈጥናል። ዙሩ ሲጨምር መከፈት አለባቸው። ጥላሸት ክንፎቹንና የሚያዞራቸውን ቀለበት ሲይዛቸው ጠበው ይቀራሉ፤ ግፊቱም ይከመራል።

ክንፎቹን የሚያንቀሳቅሰው አክቹዌተር በቫኪዩም (አየር በመሳብ) የሚሠራ ከሆነ የእጅ ቫኪዩም ፓምፕ ያስፈልጋል። የሌለው ሰው ይህን ሥራ አይጀምር። ቱቦውን ከአክቹዌተሩ አውጥታችሁ ፓምፑን ግጠሙ፣ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ዘንጉ ሳይንቀጠቀጥ፣ ሳይዘል እስከ መጨረሻው መሄድ አለበት። ስትለቁት ወዲያው ይመለስ። እዚህ ላይ ነው ብዙ መካኒክ የሚሸወደው፤ ሙከራውን በቀዝቃዛ ሞተር ብቻ ያደርጋል።

አንድ ደንበኛ ሶሌኖይድ (ወደ አክቹዌተሩ የሚሄደውን ቫኪዩም የሚቆጣጠር የኤሌክትሪክ ባልቦላ) 2 ጊዜ ቀይሮ መጣ። ሁለቱም አዲስ፣ ሁለቱም ደህና። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ስፈትሸው ዘንጉ ያለምንም ችግር ወጣ ገባ አለ። ልተወው ምንም አልቀረኝም ነበር። ከዚያ 20 ደቂቃ ዳገት ነዳሁና ተመልሼ፣ ቦኔቱን ከፍቼ፣ በጓንት ፓምፑን ገጠምኩ። ሳብኩ፣ ለቀቅኩ። ዘንጉ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ቆየት ብሎ ቀጭ አለና ወደ ቦታው ተመለሰ። ያቺ ቀጭታ ናት የ2 ሶሌኖይድ ገንዘብ የበላችው።

ሶሌኖይዱም ግን ንጹህ ነው ብላችሁ አትለፉት። ቫኪዩሙን የሚለቅበት ትንሽ የአየር ማጣሪያ አለው። እሷ በአቧራ ስትደፈን ቫኪዩሙ አይወጣም፣ ክንፎቹም ሳይፈልጉ ተዘግተው ይቆያሉ። ለመለየት ቀላል ነው፦ የአክቹዌተሩን ቱቦ አውጥታችሁ ወደ ሶሌኖይዱ ያለውን ጫፍ ድፈኑና ንዱ። መኪናዋ ደካማ ሆና ግፊት ካላበዛች ክንፎቹ ተከፍተዋል፤ በሙቅ ሞተር በፓምፑ ስትፈትሹትም ዘንጉ ካልያዘ ጥፋቱ ሶሌኖይዱ ጋ ነው። ቱቦው ወጥቶም ግፊቱ ከበዛ ክንፎቹ ታንቀዋል።

ተጠንቀቁ! ይህን ሙከራ ግፊት የሚከፍተው ዌስትጌት ያለው መኪና ላይ በጭራሽ አታድርጉ። እዚያ ቱቦውን ማውጣት ግፊቱን ጣሪያ ያስነካዋል። ሁለቱን ያምታታ ሰው ፒስተን ሲቀይር አይቻለሁ።

ጥላሸት ከሆነ ቱርቦው ይወርዳል። የሚረጭ ማጽጃ አንዳንዴ ለተወሰነ ጊዜ ይሠራል፣ ከዚያ ኮዱ ይመለሳል። የተርባይኑን ቤት ከመፍታታችሁ በፊት ከመሃሉ አካል ጋር በአንድ መስመር ምልክት አድርጉበት። ሲገጠም ዘንጉ ከመስመር ወጥቶ ያበደን ሰው አውቃለሁ፤ ያ ሰው እኔ ነኝ። ክንፎቹንና ቀለበቱን አንድ በአንድ እጠቡ። የምድጃ ማጽጃ ጥላሸቱን ይበላዋል፤ አሉሚኒየሙንም ይበላዋል፤ ስለዚህ ብረቱ ቤት ላይ ብቻ። የተርባይኑን ዘንግ በኮምፕረሰር አየር እየነፋችሁ አታሽከርክሩት። ያለ ዘይት ነው የሚዞረው፣ መያዣውን ይፈጀዋል። የሚያፏጨው ድምፅ ደስ ስለሚል ሁሉም ያደርገዋል።

ክንፎቹ የሚቆሙባት ብሎን አለች፣ ብዙ ጊዜ ቀለም የተቀባች። አትንኳት። ሊያስተካክል ብሎ የጠመዘዘ ሰው ክንፎቹን ከሚገባው በላይ አጥብቧቸው፣ መኪናዋ በዝቅተኛ ዙር ሁሉ ግፊት ስታበዛ አይቻለሁ። ጥላሸት ፍለጋ ቱርቦውን አወረድኩ፤ ውስጡ ንጹህ ነበር። ሙሉ ቀን በላችብኝ።

ሲገጠም ጓርኒሲዮኑ አዲስ ይሁን። በዘይት ቱቦው መጋጠሚያ ላይ ሲሊኮን አትቀቡ፤ ቁራጩ ገብቶ መስመሩን ይደፍናል። ከማስነሳታችሁ በፊት በቱርቦው የዘይት መግቢያ በኩል ንጹህ ዘይት ጨምሩ። ከዚያ ያንኑ ዳገት፣ በዚያው 3ኛ ማርሽ፣ በሙቅ ሞተር ደግማችሁ መዝግቡ።

ጥቂት ወር ቆይቶ ክንፎቹ እንደገና ከያዙ ቱርቦውን ተዉት። የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር (ነዳጅ የሚረጨው ክፍል) ወይም ክፍት የቀረ የኢጂአር ባልቦላ (ጭስ ወደ ሞተሩ የሚመልሰው) ፈልጉ። ባለቤቱንም ጠይቁት፤ በቀን 2 ኪሎሜትር ብቻ የሚነዳት ከሆነ ጥላሸቱ የማን እንደሆነ ታውቋል።