ሥራ ሳይለቁ በርቀት ዲግሪ ለመማር፦ ለጎንደር ሠራተኞች

የርቀት ትምህርት ለመጀመር የሚያስቡ የሥራ ባልደረቦቼ ብዙውን ጊዜ አስቀድመው የሚጠይቁኝ የክፍያውን መጠን ነው። እኔ ግን ስለ ገንዘቡ ከማውራቴ በፊት ሁለት ነገር እጠይቃቸዋለሁ፦ በሳምንት ውስጥ ለንባብ የሚሆን ስንት ሰዓት አለዎት? የመረጡት ተቋምስ ያንን የትምህርት ዘርፍ በርቀት፣ ያውም እዚሁ ጎንደር ላይ፣ ለማስተማር ፈቃድ አለው? በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ክፍል እየሠራሁ ዲግሪዬን በርቀት የጨረስኩ ሰው ስለሆንኩ፣ ትምህርታቸውን ያቋረጡት አብዛኞቹ ጓደኞቼ ከነዚህ ከሁለቱ በአንዱ እንደተሰናከሉ በቅርብ አይቻለሁ። ገንዘብ አጥሮት ያቋረጠውስ በጣት የሚቆጠር ነው።

ከክፍያው በፊት ፈቃዱ

በአገራችን ለከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ዕውቅና የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሲሆን፣ ቀድሞ የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ በሚለው ስሙ ይታወቅ ነበር። ብዙ ሰው የሚስተው ዕውቅናው ለተቋሙ ስም በጅምላ የሚሰጥ አለመሆኑን ነው። ዕውቅና የሚሰጠው ለተወሰነ የትምህርት ዘርፍ፣ ለተወሰነ ደረጃ፣ ለተወሰነ የአሰጣጥ ዘዴና ለተወሰነ ቦታ ነው፤ የሚያገለግልበት ጊዜም ገደብ አለው። ስለዚህ አዲስ አበባ በሚገኘው ግቢው አካውንቲንግን በመደበኛ መርሐ ግብር ለማስተማር የተፈቀደለት ኮሌጅ፣ ያንኑ ወረቀት ይዞ ጎንደር ላይ የርቀት ተማሪ ሊመዘግብበት አይችልም።

ይህን ያወቅሁት በራሴ ኪሳራ ነው። መጀመሪያ የተመዘገብኩበት ተቋም፣ ስሙን መጥራት አያስፈልግም፣ ግድግዳው ላይ በመስታወት የተለበጠ የዕውቅና ደብዳቤ ሰቅሎ ነበር። ደብዳቤውን ቆሜ አነበብኩት፤ ማኅተሙን አየሁ፤ ቀኑንና የአሰጣጥ ዘዴውን ግን አላየሁም። ከሦስት ሴሚስተር በኋላ ትምህርቴን ወደ ሌላ ተቋም ለማዛወር ስሞክር፣ የወሰድኳቸው ኮርሶች በርቀት እንዲሰጡ ያልተፈቀዱ ስለነበሩ አንዱም ሳይያዝልኝ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ዛሬ ሰው ሲጠይቀኝ የደብዳቤውን ቁጥርና ቀን በወረቀት ጽፎ፣ በደብዳቤው ላይ «በርቀት» የሚለው ቃልና የማዕከሉ ቦታ መኖሩን አይቶ፣ ከዚያም ባለሥልጣኑ ራሱ ከሚያወጣው ዝርዝር ጋር እንዲያመሳክር እመክራለሁ። መዝጋቢው ሠራተኛ በቃል «ፈቃድ አለን፣ አይዞዎት» ቢልዎት ማረጋገጫ አይሆንም።

የመንግሥት መመሪያም ይለዋወጣል። በ2002 ዓ.ም. መጨረሻ የርቀት ትምህርት በአገር አቀፍ ደረጃ ታግዶ፣ ከግል ተቋማት ጋር ውይይት ከተደረገ በኋላ እገዳው እንደተነሣ በዚያ ዘመን ይማሩ የነበሩ ያስታውሱታል። በቅርቡም ባለሥልጣኑ የግል ተቋማትን እንደ አዲስ ሲመዘግብ ከመዝገብ የወጡ አሉ። በመሆኑም ፈቃዱን በምዝገባ ቀን ብቻ ሳይሆን በየዓመቱ መጀመሪያ መመልከት ይገባል።

የመግቢያ መስፈርቱን በሚመለከት፣ የ12ኛ ክፍል የመግቢያ ነጥብ እንደ ተፈተኑበት ዓመት ስለሚለያይ፣ የልጅዎ ወይም የታናሽ ወንድምዎ ዓመት መቁረጫ ለእርስዎ አይሠራም። በቴክኒክና ሙያ ደረጃ 4 ጨርሰው፣ ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ምዘና አልፈው ወደ ዲግሪ ለመግባት የሚያስቡ ደግሞ የመግቢያ መመሪያውን ከተቋሙ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ይህ ከማንኛውም ሌላ ጉዳይ በላይ በወሬ የተሞላ ነው።

አሠሪዎንም አይርሱ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ከሆነ፣ ወደፊት ሊያድጉበት የሚፈልጉት የሥራ መደብ የሚጠይቀውን የትምህርት ዝግጅት ከሰው ሀብት ክፍል ወስደው ያንብቡ። አንዲት የሥራ ጓደኛዬ ማኔጅመንት ተምራ ስትጨርስ፣ የፈለገችው መደብ አካውንቲንግ ወይም ፋይናንስ ብቻ የሚል ሆኖ አገኘችው። ዲግሪው ትክክለኛ፣ ተቋሙም ዕውቅና ያለው ነበር፤ ለዚያ መደብ ግን አልሆናትም።

ሁሉም ዘርፍ በርቀት የሚሆን አይደለም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲጀመር ተማሪዎቹን በቡድን ወደ ገጠር እየላከ ያሠለጥን የነበረው የጤና ሥራ ያለ በሽተኛና ያለ መንደር ስለማይለመድ ነው። በተግባር ልምምድ ላይ የቆመ ሙያ የሚፈልግ ሰው የማታ ወይም የቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር ቢፈልግ ይሻለዋል። ሒሳብ አያያዝ፣ ኢኮኖሚክስ፣ ማኔጅመንት፣ የገጠር ልማትና የመሳሰሉት ግን በሞጁል፣ ማለትም ተማሪው ራሱ በሚያነበው የኮርስ መማሪያ መጽሐፍ፣ ሊያዙ የሚችሉ ናቸው።

ሰዓቱን ቁጭ ብሎ ማስላት

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እገባለሁ። ተቋማት የኮርስን ክብደት በክሬዲት ሰዓት ወይም ኢሲቲኤስ በሚባለው መለኪያ ይገልጹታል። አንድ ኢሲቲኤስ በአገራችን ሥርዓተ ትምህርት 27 ሰዓት ያህል የተማሪ ሥራ ማለት ነው፤ ንባቡ፣ አሳይመንቱና ለፈተና መዘጋጀቱ ሁሉ በውስጡ ነው። 5 ኢሲቲኤስ ያለው ኮርስ፣ ይህም ከ3 ክሬዲት ሰዓት ጋር የሚቀራረብ ነው፣ 135 ሰዓት ይፈልጋል። ሴሚስተሩ 15 ሳምንት ከሆነ በሳምንት 9 ሰዓት ይደርሳል። ሁለት ኮርስ 18፣ ሦስት ኮርስ 27 ሰዓት ነው።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የሥራ ሰዓት በሳምንት እስከ 48 ሰዓት ሊደርስ ይችላል። ከዚያ ላይ 27 ሰዓት ጨምሮ፣ ልጅ አሳድጎ፣ ለቅሶ ደርሶ የሚኖር ሰው አላየሁም። ሦስትና አራት ኮርስ የሚመዘገቡ ሰዎች «ቶሎ ልጨርሰው» በሚል ሐሳብ ነው የሚገቡበት፤ ሁለቱን ወድቀው ሲደግሙ ግን ጊዜውም ገንዘቡም በእጥፍ ይሄዳል። ለመመረቅ አጠቃላይ አማካይ ውጤት 2.00 እንደሚያስፈልግም ማስታወስ ተገቢ ነው፤ መጀመሪያ ላይ የተሰበሰበ ዲና ኤፍ በኋላ ለማንሣት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሴሚስተር በሁለት ኮርስ ብቻ ይጀምሩ።

18 ሰዓቱን እኔ ያገኘሁት እንዲህ ነበር፦ በአምስቱ የሥራ ቀናት ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስከ ንጋቱ 1 ሰዓት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አምስት ሰዓት፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሦስት ሰዓት። ማታ ማንበብን ሞክሬው አልሆነልኝም፤ ቀኑን ሙሉ ቁጥር ሲያይ የዋለ ዓይን ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ አንድ ገጽ አምስት ጊዜ ያነባል። የሆስፒታል ወይም የጥበቃ ሠራተኛ ሆነው በፈረቃ የሚሠሩ ከሆነ ግን ሰዓቱን በሳምንት ሳይሆን በወር ቢያሰሉት ይቀልልዎታል።

ቀጥሎ የዓመቱን የቀን መቁጠሪያ ይግለጡና የሚጋጩትን ወራት ያክብቡ። በጎንደር ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው ጊዜ የሠርግ ወቅት ነው፤ ጥር 10 እና 11 ደግሞ ከተማው በሙሉ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ስለሚወርድ ማንም አያነብም፣ ማንበብም የለበትም። ችግሩ የብዙ ተቋማት የመጀመሪያ ሴሚስተር ፈተና በዚሁ አካባቢ መዋሉ ነው። በሒሳብ ክፍልና በባንክ ለምንሠራ ሰዎች ደግሞ ሰኔ የበጀት ዓመት መዝጊያ በመሆኑ ሁለተኛውን ሴሚስተር ይገጥመዋል። በነዚህ ወራት የሚያጥረውን ሰዓት ኅዳርና መጋቢት ላይ አስቀድሞ መክፈል ይቻላል፤ በተለይ ዐቢይ ጾም ሠርግ ስለሌለው ለርቀት ተማሪ የዓመቱ ምርጥ ጊዜ ነው። ለፈተና ቀናት ፈቃድ ለማግኘት የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ሰው የሰው ሀብት ክፍሉን አስቀድሞ ይጠይቅ፤ የግል ድርጅት ሠራተኛ ደግሞ በአዋጁ በመጀመሪያው ዓመት ከሚያገኘው 16 የሥራ ቀን የዓመት ዕረፍት የተወሰነውን ለዚሁ ያስቀምጥ።

ከቤተሰብ ጋር የሚደረገውን ንግግርም አያዘግዩት። ለዕድርና ለማኅበር አባላት ጭምር «እስከ ሰኔ እንዲህ ነኝ» ብሎ መንገር፣ በየጊዜው ሰበብ ከመደርደር ያድናል።

ሞጁሉን ማንበብ

የሞጁሉ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው፤ ከትምህርት ገበታ ከራቁ አሥር ዓመት ለሆናቸው ሰዎች ትልቁ ግንብ ይህ ነው። ቃል በቃል እየተረጎሙ ማንበብ አያዋጣም። እኔ የተጠቀምኩበት ዘዴ ከአብነት ትምህርት ቤት የተወሰደ ነው ማለት ይቻላል። በበአታ ቤተ ክርስቲያንና በሌሎችም አድባራት የሚማር ተማሪ መምህሩ የነገረውን ቀለም እየደጋገመ ይቀጽላል፤ መጽሐፉን ዘግቶ ካልወጣለት አያልፍም። እኔም አንድ ንዑስ ርዕስ ካነበብኩ በኋላ ሞጁሉን ዘግቼ በአማርኛ ጮክ ብዬ እናገረዋለሁ፤ ከዚያ በእንግሊዝኛ ሦስት ዐረፍተ ነገር እጽፋለሁ። «ዲፕሪሲዬሽን የቋሚ ንብረት ወጪ በሚያገለግልበት ዘመን ላይ የሚከፋፈልበት ስሌት ነው፤ በእኛ ቢሮ የእርጅና ቅናሽ የምንለው ነው» ብሎ በራሱ አፍ የተናገረ ሰው፣ ፈተና ላይ ቃሉ ሲመጣበት አይደነግጥም። የጻፍኳቸውን ዐረፍተ ነገሮች በስልኬ ቀድቼ ከፒያሳ አዘዞ በታክሲ ስመላለስ አዳምጣቸው ነበር።

ከማንበብዎ በፊት አሳይመንቱን ያንብቡ። ጥያቄው ምን እንደሚፈልግ ያወቀ አንባቢ ሞጁሉን በሌላ ዓይን ያየዋል። ቱቶሪያል፣ ማለትም ከአስተማሪ ጋር ተገናኝቶ የሚሰጥ ማብራሪያ፣ ሲኖርም ያልገባዎትን ሦስት ጥያቄ በወረቀት ይዘው ይሂዱ፤ የቱቶሪያሉ ሰዓት አጭር በመሆኑ አስተማሪው ሞጁሉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሊያስተምርዎ አይችልም። ባዶ እጁን የሚመጣ ተማሪ የሌሎችን ጥያቄ ሰምቶ ይመለሳል።

በኢንተርኔት ብቻ የሚሰጥ መርሐ ግብር የሚመርጡ ከሆነ አንድ ጥንቃቄ ያድርጉ። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር አንረሳውም። ስለዚህ በሴሚስተሩ መጀመሪያ ሞጁሎቹን በሙሉ ወደ ስልክዎና ወደ ፍላሽ ያውርዱ፤ ዋና ዋናዎቹን ያሳትሙ። ተቋሙም ግንኙነት ሲቋረጥ የአሳይመንት ማስረከቢያ ቀኑን እንዴት እንደሚያራዝም አስቀድመው ይጠይቁ።

ወረቀት

ከርቀት ተማሪ ጉዳዮች ሁሉ ብዙ እንባ ያፈሰሰው የስም አጻጻፍ ነው። ስምዎ በ12ኛ ክፍል ካርድዎ ላይ በላቲን ፊደል የተጻፈበት፣ በፋይዳ መታወቂያዎ ላይ ያለውና በመመዝገቢያ ቅጹ ላይ የሚሞሉት አንድ ዓይነት መሆን አለበት። አንዲት ፊደል መጨመሯ ወይም መጉደሏ በምረቃ ጊዜ ወደ ፍርድ ቤትና ወደ ማስታወቂያ ሊወስድዎት ይችላል። ልዩነት ካለ ከመመዝገብዎ በፊት ያስተካክሉት።

ለከፈሉት ሁሉ ደረሰኝ ይቀበሉ፤ በቴሌብር ወይም በባንክ ከከፈሉም የመልእክቱን ምስል አሳትመው ያስቀምጡ። አሳይመንት ሲያስረክቡ ቅጂውን አስቀርተው፣ የተቀበለው ሠራተኛ ቅጂው ላይ ቀን ጽፎ እንዲፈርምልዎት ያድርጉ። የርቀት ማዕከል ሠራተኛ ይቀያየራል፣ ቢሮም ይለቀቃል፤ «አሳይመንትህ አልደረሰንም» ሲባል የሚመልስልዎ ያቺ ፊርማ ናት። ውጤት ሲለጠፍም ዕለቱኑ ይመልከቱ፤ የቅሬታ ማቅረቢያው ጊዜ አጭር ነው።

የመውጫ ፈተና

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች፣ የርቀቶቹም ጭምር፣ አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና በኮምፒውተር ይፈተናሉ፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ይህ ፈተና የርቀት ተማሪን የሚጎዳበት ዋና ምክንያት ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ የተወሰዱ ዋና ዋና ኮርሶችን በአንድ ላይ መጠየቁ ነው። ፈተና ሲያልፉ ሞጁሉን ለሌላ ሰው ሰጥተው የረሱት ሰዎች በመጨረሻው ሴሚስተር ሞጁል ፍለጋ ይዞራሉ። ስለዚህ ሞጁሎችዎን አይስጡ፤ ያውሱ እንጂ። እያንዳንዱን ኮርስ ሲጨርሱ አንድ ገጽ ማጠቃለያ ጽፈው በአንድ ደብተር ያከማቹ። በመጨረሻው ዓመት ሁለት ወይም ሦስት ሆነው ቅዳሜ ቅዳሜ እየተገናኙ በዚያ ደብተር ይጠያየቁ። ኮምፒውተር ላይ ተቀምጠው የማያውቁ ከሆነም፣ መዳፊቱን (ማውሱን) መያዝና ጥያቄ እየመረጡ መሄድን ከፈተናው ቀን በፊት በአንድ ኢንተርኔት ቤት ለጥቂት ሰዓት ይለማመዱ።

ውጤቱ ከወጣ በኋላ ጊዜያዊ ዲፕሎማዎን ይዘው ወደ ቢሮዎ ሲሄዱ ዋናውን አያስረክቡ፤ ቅጂውን ያመሳክሩልዎትና ዋናውን ይዘው ይመለሱ። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ግን በእጅ ስለማይሰጥ፣ ተቋሙ በፖስታ አሽጎ በቀጥታ ለመሥሪያ ቤትዎ እንዲልክ በዚያው ሳምንት ያመልክቱ።