የፓምፑ ገመድ አልመለስ ሲል

የሽንኩርቱ ማሳ ሦስት ቀን ውሃ አላገኘም። ሞተሩ ጤነኛ ነው። የማስነሻ ገመዱን ስስበው ግን ወጥቶ ይቀራል፣ አይመለስም። ጣና ዳር ላለ አትክልት በበጋ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሽንኩርት ሥሩ አጭር ነው፤ ጥማት አይችልም።

ክዳኑን በ10 ቁልፍ ፈታሁት። ገመዱን መልሶ የሚጠቀልለው ሞላ ጫፉ ላይ፣ መንጠቆው ጋ ተሰብሯል። ባሕር ዳር ገብቼ "የፓምፕ ሞላ" ብዬ ገዛሁ። አልሆነም። በትንሹ ሰፋ ስለሚል ገመዱ የሚጠቀለልበትን ፑሊ ይዞ አላዞር አለ።

በማግስቱ የተሰበረውን በጨርቅ ጠቅልዬ ሄድኩ። መለዋወጫ የሚሸጡት ጋሼ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጡና፣ "ልጄ፣ የሞተሩን ጉልበት ብቻ ይዘህ አትምጣ። ስፋቱን፣ ውፍረቱን፣ መንጠቆው ወዴት እንደታጠፈ እይ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ወፍራም ሞላ ጠንካራ ይመስላል። ግን በሚቀመጥበት ቤት ውስጥ ብዙ ቦታ ስለሚይዝ የሚዞረው ዙር ያንሳል፤ ገመዱ ሳያልቅ ይከራል።

ስገጥም ጓንት አጠለቅሁ፤ ሞላ ካመለጠ እጅ ይቆርጣል። ግራሶ ስስ አድርጌ ቀባሁት። ፑሊውን ሦስት ዙር ጠምዝዤ ገመዱን አሰርኩ። ከዚያ ገመዱን እስከ መጨረሻው ስቤ ፑሊውን በእጄ ሞከርኩት። ገና ግማሽ ዙር ይሄዳል። ይህ ትርፍ ከሌለ ሞላው በተሳበ ቁጥር እየተወጠረ እዚያው መንጠቆው ላይ ይሰበራል። የፊተኛውም በዚህ ሳይሄድ አይቀርም፤ አምና ገመድ ስቀይር አምስት ዙር ጠምዝዤው ነበር።

ሁለተኛ ስስበው ሞተሩ ተነሳ። ሳይመሽ ሽንኩርቱ ጠጣ።