ጋዝ ገና ሲነካ የሚፈናጠር አዲስ ሞተር ሳይክል፦ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ለዓመታት በካርቡራተር የሚሠራ ትንሽ ሞተር ሳይክል ሲነዳ የኖረ ሰው ወደ አዲስና ኃይለኛ ሞተር ሳይክል ሲሸጋገር፣ ከክብደቱና ከፍጥነቱ ይልቅ የሚያስደነግጠው ጋዙን ገና ነካ ሲያደርገው ወደፊት መፈናጠሩ ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆነው የመጀመሪያው ያማሃ ኤምቲ-09 ነው፤ ይህ ባለ 3 ሲሊንደርና 847 ሲሲ ሞተር ሳይክል «ኤ» በተባለው የአነዳድ ምርጫ ላይ ሲሆን ጋዙ ከመጠን በላይ ይፈጥናል ተብሎ ብዙ ተተችቷል። ጠባዩ ከፋብሪካ የመጣ ቢሆንም የሚያባብሱት ግን የአሽከርካሪው ልማዶች ናቸው።

ከእነዚህ ሁሉ የከፋው ጋዙን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶ እንደገና በአንድ ጊዜ መክፈት ነው። በኢንጀክሽን፣ ማለትም ነዳጁን በኮምፒውተር እየለካ በሚረጭ ዘዴ፣ በሚሠራ ሞተር ላይ፣ ዙሩ ከፍ ብሎ ሳለ ጋዙ ፈጽሞ ሲዘጋ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ጭራሹን ያቋርጣል፤ እንደገና ሲከፈት ደግሞ ነዳጁ በድንገት ይመለሳል። በዚያው ቅጽበት፣ ጋዙ ተዘግቶ ሞተሩ ፍጥነቱን ሲገታ ከታች በኩል ተወጥሮ የነበረው ካቴና ከላይ በኩል ይወጠራል። ሁለቱ ሲገጣጠሙ አሽከርካሪው የሚሰማው ያ ግፍትሪያ ይፈጠራል፤ መታጠፊያ መሃል ላይ ሲሆን ደግሞ ሞተር ሳይክሉን ከመስመሩ ያስወጣዋል። ስለዚህ ፍጥነትን ከመታጠፊያው በፊት በፍሬን መጨረስ፣ ከዚያም ጋዙን በጣም በጥቂቱ ከፍቶ መቆየት፣ ሲጨምሩም መጀመሪያ የካቴናው ልቅነት እስኪያልቅ በዝግታ ከፍቶ ኃይሉን ከዚያ በኋላ ማስከተል ያስፈልጋል። በእግር ጉዞ ፍጥነት በሚኬድበት መጨናነቅ ውስጥም ጋዙን አንድ ቦታ ላይ አጽንቶ፣ ፍጥነቱን በፍሪሲዮንና በኋላ ፍሬን መቆጣጠር እጅግ የተሻለ ነው። ይህን ባዶ ሜዳ ላይ፣ ስምንት ቁጥር እየሠሩ ደጋግሞ መለማመድ የሚጠይቀው ጊዜ ጥቂት ነው፤ የሚሰጠው እርጋታ ግን ብዙ ነው።

ሌላው ስህተት በእጅ ላይ ተንጠልጥሎ መንዳት ነው። እጀታውን አጥብቆ የጨበጠና የሰውነቱን ክብደት በክንዱ ላይ የጣለ ሰው ኮብልስቶን ወይም ጉድጓድ ሲያናውጠው እጁ ሳያውቀው ጋዝ ይጨምራል፤ ሞተር ሳይክሉ ሲፈናጠር ሰውነቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ወደ ኋላ ሲሄድ ደግሞ እጀታውን ይዞ ይጎትታልና ጋዙ የባሰ ይከፈታል። አዲስ አሽከርካሪዎች ሞተር ሳይክሉ አመለጠኝ የሚሉት ብዙውን ጊዜ ይህን ነው። መፍትሔው የነዳጅ ታንኩን በጉልበት ያዝ ማድረግ፣ ክርንን ማላላት፣ የቀኝ እጅን አንጓም ከመጀመሪያው ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው። አውራ ጣትን ከእጀታው አጠገብ ባለው፣ በማይዞረው ክፍል ላይ በስሱ ማሳረፍም የእጅን መንቀጥቀጥ ይቀንሳል።

የማርሽ ምርጫም ይታሰብበት። በ1ኛ ማርሽ ላይ ጥቂት ጋዝ ብዙ ጉልበት ሆኖ ወደ ኋላ ጎማ ስለሚደርስ፣ ሞተሩ ሳይጨነቅ በ2ኛ መሄድ በሚችልበት ቦታ ሁሉ 2ኛ ይመረጣል። የአነዳድ ምርጫ ያላቸው ሞተር ሳይክሎችን ለዘብ ባለው፣ በኤምቲ-09 ላይ ለምሳሌ በ«ቢ»፣ መጀመር የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ በእኔ እምነት የሚጎዳው ምርጫውን በየቀኑ እየቀያየሩ እጅን አንዱንም እንዳይለምድ ማድረግ ነው። እጅ ሳይለምድ ሰው ከኋላ መጫንም በፍጹም አይገባም።

በመጨረሻ፣ ካቴናውንና የጋዙን ካቦ (እጀታውን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘውን ሽቦ) ሳያዩ ኮምፒውተሩን ለማስቀየር ገንዘብ ማውጣት ከባድ ስህተት ነው። ከሚገባው በላይ የላላ ካቴና ለስላሳውን ሞተር እንኳ ያስፈነጥረዋል፤ ልኩ በመመሪያው መጽሐፍ ላይ ተጽፏል። ካቦ ባላቸው ሞተር ሳይክሎች ላይ ጋዙ መሥራት ከመጀመሩ በፊት እጀታው የሚዞረው ባዶ ርቀት አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 ሚሊሜትር ነው። ካስተካከሉት በኋላ እጀታው ሲለቀቅ በራሱ ወደ ቦታው መመለሱን ይፈትሹ፤ ሞተሩ እየሠራ መሪውን ከግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ ሲያዞሩት ሚኒሞው (ጋዝ ሳይሰጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ከፍ ካለ ካቦው ከልክ በላይ ተወጥሯል ማለት ነውና፣ ሳይስተካከል መነዳት የለበትም።